«የኦርጋን ዘመን» እያላችሁ የምትንቁት የካሴት ሙዚቃ (ከ1982 እስከ 1992)

የካሴት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚም እዛም የማየው ነገር ሲያናድደኝ ከረመና ርዕስ ልክፈት አልኩ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወሬ በተነሳ ቁጥር ወርቃማው ዘመን፣ ወርቃማው ዘመን ይባላል፣ ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማህሙድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ይጠራሉ፣ ከዛ ቀጥታ ተዘሎ ቴዲ አፍሮ ጋ ይደረሳል። መሃል ላይ ያለውስ? እኔ የማወራው በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ስለሚባሉት ዓመታት ነው፣ በኛ ከ1982 እስከ 1992 አካባቢ። «ኧረ ያ የኦርጋን ዘመን ነው፣ ሙዚቃ የሞተበት» ብሎ አንድ ሰው ሲጽፍ ሌላው ይደግማል፣ ማንም ቁጭ ብሎ ካሴቶቹን አይሰማም።

የአምሃ ሪከርድስ ሥራ ትልቅ ነው፣ ክርክር የለኝም። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ ማሳተም ቀላል አይደለም፣ ያውም የመንግሥት ሞኖፖል እያለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያንን ሰብስቦ ኤትዮፒክስ በሚባሉት ተከታታይ አልበሞች ሲያወጣው ዓለም ሰማን፣ ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ኤትዮፒክስ መውጣት የጀመረው ራሱ በዛው በዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው እየገዛ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር። ኤፍሬም ታምሩ፣ ንዋይ ደበበ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ሐመልማል አባተ፣ ማርታ አሻጋሪ፣ ፀሐዬ ዮሐንስ፣ ነፃነት መለሰ፣ ቴዎድሮስ ታደሰ። የይልማ ገብረአብ ግጥም፣ የአበበ መለሰ ዜማ። እነዚህ ዘፈኖች ናቸው እናቶቻችን ቤት ሲያፀዱ የሰሙት፣ ሚኒባስ ውስጥ የተከፈቱት፣ ጅዳና ቤይሩት ሻንጣ ውስጥ ገብተው የሄዱት። ሕዝብ እንዲህ የኖረበትን ሙዚቃ የሸክላው ዓይነት ትራምፔት የለበትም ብሎ መጣል ልክ አይመስለኝም።

እኔ የምለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ያ አሥር ዓመት የውድቀት ዘመን አልነበረም። ሰዓት እላፊ ተነስቶ፣ ገንዘብ ጠፍቶ፣ ግማሹ ሙዚቀኛ ተሰዶ፣ በነበረው ነገር አዲስ ድምፅ የተፈጠረበት ዘመን ነው። የምታውቁትን ጻፉ፣ በተለይ ሙያው ውስጥ ያላችሁ።

ትራምፔተሩ፦

ልጄ፣ ጥሩ ነገር አንስተሃል፣ ነገር ግን የኛን ሐዘን ንቀት አታድርገው። እኔ በዚያ ዘመን በትንፋሽ መሣሪያ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምን እንደጠፋ ልንገርህ።

ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት የሚባሉት ኦርኬስትራዎች ባንድ ብቻ አልነበሩም፣ ትምህርት ቤት ነበሩ። ጥላሁንም ብዙነሽም ማህሙድም በክብር ዘበኛ ነው ያለፉት፤ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ በፖሊስ። ልጁ ገና በጉርምስናው ይገባል፣ ኖታ ይማራል፣ ደሞዝ አለው፣ ልብስ አለው፣ መሣሪያው የመንግሥት ነው። ሥሩ ደግሞ ሩቅ ነው፣ ንጉሡ በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ይጀምራል፣ ቀጥሎ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ሰው አስተማረ። እና አራት ትራምፔት፣ ሦስት ሳክስ፣ ትሮምቦን አንድ ላይ ቆመው ሲነፉ የምትሰማው ድምፅ የብዙ አሥርት ዓመታት ሥልጠና ነው።

በ1983 ጦሩ ሲበተን ያ ሁሉ አብሮ ተበተነ። መሣሪያውን ማን ወሰደው፣ አላውቅም ብል ይቀለኛል። ጓደኞቼ ከንፈራቸው ደርቆ ሌላ ሥራ ገቡ። አንዱ ዘበኛ ሆነ፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ገብቶ ቀረ። ትራምፔት ደግሞ በየቀኑ ካልተነፋ ይጠፋል። ክለቡ ስምንት ሰው ከሚከፍል አንድ ልጅ ኦርጋን ይዞ ሲመጣለት ያንን ቀጠረ። እና አሁን ካሴቱን ስሰማ፣ ትራምፔት መምሰል ያለበት ቦታ ላይ ያ የፕላስቲክ ድምፅ ሲመጣ፣ ጓደኞቼ የነበሩበት ወንበር ባዶውን ይታየኛል። ዘፋኞቹ ላይ ምንም የለኝም፣ ድምፃቸው ወርቅ ነበር። ቅንብሩ ግን ድሃ ነበር፣ ይሄንን እውነት ነው የምልህ።

ዋን ማን ባንድ፦

ጋሼ ከልብ አከብርዎታለሁ፣ የፃፉትን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ቅንብሩ ድሃ ነበር ያሉት ላይ ግን እንደ ኦርጋን ተጫዋች ልመልስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ይረዝማል።

ሰው የሚመስለው ኦርጋኑን ስትከፍተው ራሱ የሚጫወት ነው። ሲጀመር ፋብሪካው የሚሰጥህ ሪትም ዲስኮ ነው፣ ሮክ ነው፣ ቦሳ ኖቫ ነው፣ ዋልዝ ነው። ችክችካ የሚባል ቁልፍ የለም! ጃፓን ውስጥ ማን ያውቀዋል። ስለዚህ ችክችካውን ራስህ ትሠራዋለህ፣ ሦስት ሦስት አድርገህ እየቆጠርክ፣ ከበሮው የት ይምታ፣ ጭብጨባው የት ይግባ፣ ሻከሩ ምን ያህል ወደኋላ ይጎተት ብለህ በጣትህ እየመታህ ታስገባለህ። ማሽኑ ደግሞ ሁሉንም እኩል ካደረገው ሰው አይጨፍርበትም፣ እስክስታው ትከሻ ላይ አይቆምም። እኔ ያየኋቸው ጎበዞች ሆነ ብለው ምቱን ትንሽ ያዛንፉት ነበር። የድሮ ካሴት ላይ ከበሮው የማሽን ሆኖ ግን ትከሻህን የሚያነቃንቅህ ለዚህ ነው።

ሁለተኛ ዜማው። ትዝታም በሉት ባቲ፣ አምባሰልም በሉት አንቺ ሆዬ፣ አዝማሪው ማሲንቆ ላይ የሚያገኘው ድምፅ ፒያኖ ላይ ያሉት ቁልፎች መሃል የሚወድቅበት ጊዜ አለ። አንቺ ሆዬ በተለይ! ኦርጋን ላይ ዝም ብለህ ቁልፉን ከተጫንከው ሌላ ሰው ሀገር ትገባለህ። እና ምን ይደረጋል፣ በቀኝ እጅህ ዋሽንት የሚመስለውን ድምፅ እየተጫወትክ በግራ እጅህ ያቺን የድምፅ ማጠፊያ ጎማ ይዘህ ድምፁን ከታች እያነሳህ ታመጣዋለህ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ታንቀጠቅጠዋለህ። ይሄንን ማንም አላስተማረንም። ማሲንቆ ተጫዋች እየሰማን፣ ቤት ተቀምጠን፣ ጎረቤት እየጮኸብን ነው ያገኘነው።

ሦስተኛ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኮርግ ኤም ዋን የሚባለው ሲወጣ ውስጡ ስምንት ትራክ መቅጃ ነበረው፣ ማለት ቤዙን፣ ከበሮውን፣ ስትሪንጉን፣ ትራምፔቱን አንድ ሰው በተራ እየቀዳ ሙሉ ዘፈን መገንባት ይችላል። ለስቱዲዮ ሰዓት የሚከፍል ገንዘብ ላጣ አቀናባሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያ ባይኖር ብዙ ዘፋኝ አንድም ካሴት ሳያወጣ ይቀር ነበር። ጋሼ፣ እኛ የእናንተን ወንበር አልወሰድንም፣ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘነው። የምንጫወተውም ብራስ ከእናንተ ሸክላ በጆሯችን የለቀምነው ነው፤ አራተኛው ትራምፔት የት ገብቶ እንደሚወጣ ሁሉ በቃላችን እናውቀው ነበር።

ሜሪ ሲኤምሲ፦

ኡፍ ይሄ ፖስት ስራ ሊያስፈታኝ ነው። እኔ ስለ ቅንብር አላውቅም ግን የኩኩ ድምፅና የሐመልማል ድምፅ ሲከፈት ቤታችን ውስጥ ሰው ዝም ይላል፣ አባቴም ጭምር። ሙዚቃ የሞተበት ዘመን እንዲህ አያደርግም። አስቴርን ግን ለምን ማንም አላነሳም???

ዲሲ ነኝ፦

አስቴርን እኔ ላንሳት እህቴ።

አስቴር አወቀ ከሀገር የወጣችው በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው (በኛ)፣ ከዛ በፊት አሊ ታንጎ ካሴቶቿን አሳትሞላት ነበር። ዋሽንግተን መጥታ ለአበሻው በየሬስቶራንቱ መዝፈን ጀመረች። ከዛ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ አግኝቷት እ.ኤ.አ. በ1989 በስሟ የተጠራው አልበም ወጣ፣ ኮሎምቢያ ሪከርድስም አሜሪካ ውስጥ አከፋፈለው፣ ቀጥሎ በ1991 ካቡ፣ በ1993 ኤቦ። ኮሎምቢያ ማለት እኮ የነማይልስ ዴቪስ ቤት ነው! አንዲት የጎንደር ልጅ በአማርኛ፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትጨምር። እና እዛ አልበም ላይ እውነተኛ ሳክስና ትራምፔት አለ፣ ኪቦርድም አለ፣ ተጣልተው አያውቁም። ስለዚህ «በዘጠናዎቹ ብራስ ሞተ» የሚለው አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ይሆናል፣ ዲሲ ላይ አይሠራም።

ሌላው ሰው የማያውቀው፣ የዘጠናዎቹ ሙዚቃ ግማሹ እዚህ የተፀነሰ መሆኑ ነው። አድማስ የሚባል ባንድ ነበር፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገን፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ ያሉበት። እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ የመሣሪያ ሸክላ በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሺን እንደ ልብ ያለበት፣ ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደገና ታትሞ ፈረንጁ ተሻማበት። አበጋዝና ሄኖክ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ስንቱን አልበም እንደሠሩና ስንቱን ልጅ እንዳስተማሩ ታውቃላችሁ። ማለትም ያ በስደት የተሞከረ ድምፅ ነው ሀገር የገባው።

ኃይሉ መርጊያን ደግሞ ውሰዱ። ከዋልያስ ባንድ ጋር እዚህ መጥቶ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከያማሃ ኪቦርድና ከድራም ማሺን ጋር አድርጎ ብቻውን ካሴት ቀዳ። ከዛ ለዓመታት እዚሁ ታክሲ ነዳ። እኛ እኮ እናውቀው ነበር፣ ሰላም እንለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያቺው ካሴት ድጋሚ ወጣች፣ ከዛ አውሮፓ አሜሪካ መድረክ ላይ ነው ያለው። አሁን ልጠይቃችሁ፣ ዓለም ያጨበጨበለት ምኑን ነው? ያንኑ «የፕላስቲክ ድምፅ»! ጋሼ ትራምፔተሩ እንዳይቀየሙኝ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን ድምፁ ራሱ ድሃ አይደለም፣ ማን ነካው ነው ጥያቄው።

በየዓመቱ በጁላይ ፎር ሰሞን የሚደረገውን የኳስ ውድድር የማታውቁ ካላችሁ ደግሞ፣ በዘጠናዎቹ ቀን ኳስ ማታ ኮንሰርት ነበር፣ ከተማ እየቀያየረ። ከመኪና ኋላ ካሴት የሚሸጥ አይጠፋም። አዲስ ዘፈን መጀመሪያ የሚሰማው እዛ ነው፣ ከዛ ቀዳድቶ ወደየስቴቱ ይዞ መሄድ ነው።

ካዛንቺስ የድሮው፦

እናንተ ስለ ስቱዲዮ ትከራከራላችሁ፣ የዘመኑ ትልቁ ነገር ግን ሌሊቱ ነው!!

ወጣቶች አታውቁትም፣ ደርግ በነበረበት አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ይለዋወጥ ነበር እንጂ ማታ መውጣት ለሕይወት የሚያሰጋ ነበር። ከገባህ እዛው ትነጋለህ። ሆቴል ቤቶች ውስጥ ሰው በር ተቆልፎበት እስኪነጋ የሚጨፍርበት ጊዜ ነበር፣ ግን ያ ገንዘብ ላለው ነው። ሰዓት እላፊው ሲነሳ ከተማው ተነፈሰ። ካዛንቺስ ውስጥ አዝማሪ ቤት ከአዝማሪ ቤት ጎን ተከፈተ፣ አንዱ ሳሎን ቤቱን ነው የሚከፍተው፣ ግድግዳው ላይ ሰሌን፣ ዝቅ ያለ ዱካ፣ ጠጅ ወይ ቢራ፣ መሃል ላይ ሁለት ሦስት ሜትር ቦታ።

ወንዱ ማሲንቆውን ይዞ ይገባል፣ ሴቷ ከበሮ ወይ ድምፅ ብቻ። መጀመሪያ ያያችኋል። ማን ከማን ጋር ነው የተቀመጠው፣ ማን ፂሙን ላጨ፣ ማን መነፅር አድርጓል፣ ማን ከውጭ ሀገር መጣ። ከዛ በስምህ ገጥሞ ይለቅብሃል። አንተም ዝም አትልም፣ «ተቀበል!» ትለዋለህና ስንኝህን ትነግረዋለህ፣ እሱ እየደገመ በዜማ ያወጣዋል፣ ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል፣ ሌላው ጠረጴዛ ደግሞ መልሱን ያቀብለዋል። አንዳንዴ ሁለት የማይተዋወቁ ጠረጴዛዎች በአዝማሪው አፍ ግማሽ ሌሊት ይሟገታሉ። ፖለቲካው ሁሉ ሰምና ወርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር፣ ጋዜጣ ላይ ያልተጻፈውን እዛ ነው የሰማሁት። ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ።

ፋልሴቶ ራሱ የኤትዮፒክስን ሁለተኛ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለእነዚህ የከተማ አዝማሪዎች ነው የሰጠው፣ የዘጠናዎቹ አዝማሪዎች ብሎ። እና «ወርቃማውን ዘመን» ያስተዋወቀን ሰውዬ ራሱ ዘጠናዎቹ ላይ ሙዚቃ እንደነበረ መስክሯል ማለት ነው፣ አይደል እንዴ? ዛሬ በፈንዲቃ ስም ዓለም የሚያውቀው አዝማሪ ቤትም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። ሰፈራችን ፈርሶ ሌላ መልክ ይዟል፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ ያመኛል።

የድሬ ልጅ፦

በጣም ጥሩ ክር ነው ግን እንደተለመደው ነገሩ ሁሉ አማርኛና አዲስ አበባ ሆነ። አሊ ቢራን ሳትጠሩ ስለ ኢትዮጵያ ካሴት ማውራት አይቻልም። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ አፍራን ቀሎ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን የጀመረ፣ በኦሮምኛ መዝፈን ዋጋ በሚያስከፍልበት ጊዜ የዘፈነ። ከ1983 በኋላ ኦሮምኛ ካሴት ሙዚቃ ቤት ደጅ ላይ በትልቅ ስፒከር ሲከፈት መስማት ለኛ ምን ማለት እንደነበር ላልኖረበት ማስረዳት ይከብዳል። ከልጅነቴ የማስታውሰው አጎቴ መንገድ ላይ ቆሞ እስኪያልቅ ሲሰማ ነው፣ ልግዛልህ ቢባልም ቆይ ብሎ።

ትግርኛም እንደዛው። ኪሮስ ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ያረፈው፣ ግን ትግርኛ የማይሰማ ሰው ሁሉ ዜማውን ያፏጨው ነበር። ከአሥመራ በኩል በረከት መንግሥተአብ፣ የማነ ገብረሚካኤል። ኦርጋን ላይ የተሠራ የትግርኛ ከበሮ ሰምታችሁ ካልተነሳችሁ እግራችሁን ሐኪም ይየው።

ሰሚራ፦

@የድሬ ልጅ አፌን ነው የወሰድክብኝ። በእናቴ ቤት አሊ ቢራ ዓርብ ከሰዓት፣ አዛን ሲጠራ ይጠፋል፣ ከዛ ይከፈታል።

ናታንያ፦

ሰላም ከእስራኤል። እኛ ቤተሰብ የመጣነው በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰለሞን ነው፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው የተጫነበት። ሻንጣ አይያዝም ነበር፣ በለበስነው ነው የወጣነው። እና ካሴት የኋላ ነገር ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው በርበሬና ካሴት ነበር። ሰርግ ላይ አንድ ልጅ ኦርጋን ይዞ ይመጣና ጎንደርኛውን እስኪነጋ ያስነካው ነበር። ዋን ማን ባንድ ያልከው ወንድሜ፣ እዚህ ሀገር ያለ አንተ ዓይነት ልጅ የኛ ባህል ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት አማርኛ አያስተምረንም፣ የምንማረው ከዘፈን ነው።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ሳክስ ተጫዋቹ አባተ በሪሁን እዚህ መጣ፣ ከአንድ ፒያኒስት ጋር የአበሻን ቅኝት በጃዝ ሠሩት። ከዛ እ.ኤ.አ. በ2002 የእዚሁ ሀገር ሙዚቀኛ ዒዳን ራይከል አማርኛ ያለበት ዘፈን አውጥቶ ሬዲዮ ላይ ቀን ከሌት ሲጫወት የክፍል ጓደኞቼ ትርጉሙን እኔን መጠየቅ ጀመሩ። ያ በፊት ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው።

የሰንበት ልጅ፦

አንድ ዘርፍ ረስታችኋል፦ መዝሙር። ከ1983 በኋላ የመዝሙር ካሴት ከዘፈን ካሴት እኩል መደርደሪያ ይዟል፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም። በደርግ ጊዜ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ለዓመታት ታስሯል፣ መዝሙሮቹ በድብቅ ከቴፕ ቴፕ እየተቀዱ ነበር የሚዞሩት፣ በኋላ በግልጽ ተሸጡ። ሙሉቀን መለሰም ዘፈኑን ትቶ ወደ መዝሙር የገባ ጊዜ ሀገር ሁሉ ነው ያወራው። በኛ በኩል ደግሞ በገናን አስቡ፣ ዓለሙ አጋ በደርግ ዘመን በመንፈሳዊነቱ ከሬዲዮ የጠፋውን መሣሪያ አዲስ ትውልድ እንዲማረው አደረጉ። ያ አሥር ዓመት ለመንፈሳዊ ዜማ ትንሣኤ ነው።

ብሉዝ ምርጫ፦

እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ወጣቱ ግማሽ ጆሮው ፈረንጅ ጋ ነበር። ቦይዝ ቱ ሜን፣ ማይክል ጃክሰን፣ ቱፓክ፣ ሴሊን ዲዮን። የሰፈር ሙዚቃ ቤት ሄደህ በወረቀት ዝርዝር ጽፈህ ትሰጣለህ፣ በሦስተኛው ቀን «ምርጥ ብሉዝ» ተብሎ ተቀድቶ ይሰጥሃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዊትኒ ሂውስተን የዶሊ ፓርተንን ዘፈን እንደገና ዘፍና አሜሪካ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ስትሆን፣ ካንትሪ ለሚወደው ለኛ አባት ዘፈኑ አዲስ አልነበረም፣ ዶሊን ከኬኒ ሮጀርስና ከጂም ሪቭስ ጋር ድሮ ያውቃታል። እና የኛ ዘፋኞችም ይሄንን እየሰሙ ነው የሠሩት። የዘጠናዎቹ የአማርኛ የፍቅር ዘፈን መግቢያ ላይ ያለውን ያንን ለስላሳ ፒያኖ ሰምታችሁ አርኤንድቢውን ካላገኛችሁት ደግማችሁ ስሙት።

ሙዚቃ ቤት የሠራሁ፦

የሁላችሁንም አነበብኩ። ያልተነሳውን እኔ ላንሳ፣ ስሙን አልጠራም ግን ፒያሳ አካባቢ አንድ ሙዚቃ ቤት በልጅነቴ ቀጂ ነበርኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘፋኙ ማስተሩን፣ ማለት ዋናውን ቅጂ፣ ይዞ ይመጣል ወይ ሙዚቃ ቤቱ ራሱ ያሠራዋል፣ አንድ ጊዜ ዋጋ ይቆረጥና ይከፈለዋል፣ በቃ። ከዛ በኋላ ካሴቱ መቶ ሺህ ቢሸጥ ለዘፋኙ ሳንቲም አይጨመርለትም። ገጣሚና ዜማ ደራሲማ ተዉት። ኦርጋን ተጫዋቹ ደግሞ ስሙ ሽፋኑ ላይ እንኳን ካለ ዕድለኛ ነው። እና አዲስ ካሴት ሰኞ ከወጣ ረቡዕ መርካቶ ላይ ቅጂው አለ፣ ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ዋጋው ግማሽ። እንደኛ ያለው ቀጂም ንጹሕ አልነበረም፣ ደንበኛ ከሦስት ካሴት መርጣችሁ አንድ ላይ ቅዱልኝ ሲል እንቀዳ ነበር፣ አሠሪው ያዛል እኛ እንሠራለን።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩ፣ የሚያስፈጽም ነው ያልነበረው። ራሱን የቻለ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ1996 ነው፣ ካሴት እየሞተ ሲዲና ኤምፒስሪ ሲገባ። ስለዚህ «ቅንብሩ ለምን ርካሽ ሆነ» ለሚለው መልሱ እዚህም አለ። አሳታሚው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ካልሸጠ ይከስራል። ለስምንት ትንፋሽ ተጫዋችና ለሁለት ሳምንት ስቱዲዮ ገንዘብ የሚያወጣ ሞኝ ከየት ይመጣል። ዘፋኙም ቶሎ ቶሎ ማውጣት አለበት፣ የሚበላው ከዛች አንድ ክፍያና ከሰርግ ነው። እንደዛ ሆኖ ያን ያህል ጥሩ ዘፈን መውጣቱ ነው እኔን የሚገርመኝ።

ሄኒ ገርጂ፦

«የሚያስፈጽም ነው ያልነበረው»፣ አሁንስ ወንድሜ? ዩቲዩብ ላይ የነዛን ሰዎች ካሴት ጭኖ ብር የሚሰበስበው ማን ነው? ቤተሰቦቻቸው አይደሉም።

የካሴት ልጅ፦

እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ትራምፔተር፣ የእርስዎን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፣ ዘመኑን መከላከል ማለት የጠፋውን መካድ አይደለም። የጦሩ ኦርኬስትራ መበተኑ ጉዳት ነው፣ የሚቆጭ ነው። እኔ የምቃወመው ጉዳቱ የደረሰባቸውን ልጆች እንደ አጥፊ ማየትን ነው። የሙዚቃ ቤቱ ወንድማችን እንዳለው የቀጂው ነገር፣ የገንዘቡ ነገር፣ የስደቱ ነገር ተደራርቦ ነው ድምፁን ያመጣው።

አሁን ወደ ሥራ። እኔ ጋ ሁለት ካርቶን ካሴት አለ፣ አንዳንዱ ሽፋን የለውም፣ አንዳንዱ ነጭ ነገር አብቅሏል፣ አንዳንዱ ሲጫወት ይጮሃል። ሸክላው ተሰብስቦ ድኗል፣ ካሴቱን የሚሰበስበው ግን የለም፣ ማስተሮቹም ብዙዎቹ ላያቸው ላይ ተቀድቶባቸዋል። ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ እፈልጋለሁ። የሚያውቅ ይምራኝ።

ቴፕ ጠጋኝ፦

እኔ ሥራዬ ነው፣ ልንገርህ።

ነጭ ያበቀለውን እንዳታጫውተው! ሻጋታ ነው፣ ቴፕህን ይበክልና ሌሎቹንም ያዳርሳል። ለብቻው በላስቲክ አድርገህ አስቀምጠው፣ ስትነካው አፍና አፍንጫህን ሸፍን። ለደህናዎቹ መጀመሪያ የቴፑን ራስ በንጹሕ አልኮል ጥረገው፣ ሽቶ ያለበት አይሆንም፣ ፋርማሲ አይሶፕሮፒል በላቸው፣ ቴፑን የምትስበዋን ጎማም እንዲሁ። ካሴቱን ከመቅዳትህ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነህ መልሰው፣ ለዓመታት ስለተቀመጠ ተጣብቆ ይሆናል። ሲጮህ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የቅርፊቱ ችግር ነው፣ የቴፑ አይደለም፤ በብሎን የሚፈታ ባዶ ካሴት ፈልገህ ጥቅሉን ወደዛ አዛውረው። ውስጥ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነም ያው ነው መፍትሔው፣ ስፖንጇ ከሌለች ድምፁ ይርቃል።

ትልቁ ምስጢር ደግሞ ራሱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን ናት። በየሙዚቃ ቤቱ የተቀዳው በተለያየ ማሽን ስለሆነ የራሱ አቀማመጥ ይለያያል። ካሴቱን እያጫወትክ ቀስ ብለህ ታዞራታለህ፣ ጸናጽሉና የ«ሰ» ድምፅ ጥርት ሲል ታቆማለህ። ለእያንዳንዱ ካሴት። ብዙ ሰው ይሄንን ሳያደርግ ገልብጦ «የድሮ ካሴት ድምፁ ድፍን ነው» ይላል፣ ድፍኑ ካሴቱ አይደለም። ዶልቢውን፣ ማለት የሹሹታ መቀነሻውን፣ አጥፋው። ስትቀዳ በዋቭ፣ 24 ቢት አድርገው፣ ኤምፒስሪውን በኋላ ታወጣለህ። ሹሹታውን በሶፍትዌር ላጥፋ አትበል፣ ከሹሹታው ጋር ከበሮውና የዘፋኟ ትንፋሽ ይሄዳል፣ ጥሬውን መጀመሪያ አስቀምጥ። ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሳ። ግጥም ማን፣ ዜማ ማን፣ ቅንብር ማን የሚለው ሌላ ቦታ አይገኝም።

ዋን ማን ባንድ፦

@የካሴት ልጅ ቀድተህ ስትጨርስ ለእኔም ላክልኝ። ስም ያልተጻፈላቸውን ኦርጋን ተጫዋቾች ካወቅኩ እጽፍልሃለሁ፣ እያንዳንዱ የራሱ የስትሪንግ ድምፅና የራሱ ማጠፊያ አለው፣ አይጠፋኝም።

ትራምፔተሩ፦

ልጆች፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አሁንም ስምንት ሰው ቆሞ ሲነፋ የሚተካው የለም እላለሁ፣ ከዚያ አልወርድም። ግን ያ ልጅ ስለ አራተኛው ትራምፔት የጻፈውን ለሚስቴ አነበብኩላት፣ አራተኛውን የምነፋው እኔ ነበርኩ።

የካሴት ልጅ፣ ከ1983 በፊት የተቀዳ ነገር ካርቶንህ ውስጥ ካለና የተጫዋች ስም ከሌለበት ድምፁን ላክልኝ። ትራምፔቱንና ሳክሱን ከአነፋፋቸው እለያቸዋለሁ። ጽሑፍ በስልክ ይከብደኛል፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ስለዚህ ዓርብ ማታ ብትልክልኝ ይመቸኛል።